ከጅማ እስከ ካርቱም፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የኳስ ዘመን

(በራዲዮ የተነገረው ለጋዜጣ አንባብያን እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ)



የጅማን ከተማ ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ረግጣችኋት እንደ ሆነ፥ ስሟ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ቡናው እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ከአጋሮ፥ ከሊሙ ገነት፥ ከጌራና ከሰቃ የሚለቀመው ቡና ጅማ ላይ እየተሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ከዚያም በፊት፥ መኪና መንገድ ሳይገባ፥ በንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ከጅሬን ቤተ መንግሥት ግርጌ የሚውለው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ይሰበስብ ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ግን ስለ ገበያው አይደለም፤ ከዚያች ከተማ ስለ ወጡ አንድ ሰው ነው። ጅማ ተወለዱ ብዬ ስናገር «እንዴት? እኔስ የአራዳ ልጅ ይመስሉኝ ነበር» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ስላጋጠመኝ፥ ነገሩን ከሥሩ መጀመር የተሻለ መስሎ ታየኝ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነሡት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፥ በዕንቍጣጣሽ ዕለት፥ በጅማ ነው። ያን ጊዜ ጅማ በአባ ጅፋር ሁለተኛ የምትገዛ፥ ለማዕከላዊው መንግሥት እየገበረች የውስጥ አስተዳደሯን በራሷ የምትመራ ግዛት ነበረች። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እኒህ ሰው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው፥ እዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፥ በቅኔና በዘፈን ዐዋቂነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራ ናቸው። የአገራችንን የሸክላ ሙዚቃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ይጀምራል። እንግዲህ አባት በድምፅ፥ ልጅ በእግር የታወቁበት ቤት ነው ማለት ነው። ልጁ ግን በእግር ብቻ ያልቀሩ መሆናቸውን ወደ ኋላ እናያለን።

ሕፃኑ ከጅማ ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን እግር ኳስ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር ነበር። የግሪክ፥ የአርመን፥ የኢጣልያና የሌላም አገር ተወላጆች በየማኅበራቸው ሲጫወቱ የሰፈር ልጆች ቆመው ይመለከቱ ነበር። ተመልካቹ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየውን በጨርቅ ኳስ ይሞክራል፤ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ ግብ ይላል። ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ በእናንተ መካከል ያለ አይመስለኝም። በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞችም ነገሩ ያው ነው፤ ቡናው ከተሰበሰበ በኋላ ባዶ የቀረው ማስጫ መሬት ለልጆች ከዚያ የተሻለ ሜዳ የማይገኝለት ነው።

በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ ጦርነቱ በሰሜን ተጀምሮ ሳለ፥ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ተሰብስበው አንድ የኳስ ቡድን አቋቋሙ። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉት ሁለት ወጣቶች ነበሩ የነገሩ ጠንሳሾች። ስሙንም በሰፈራቸው ታቦት ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላቸው ይድነቃቸው ገና ከመጀመሪያው ዘመን ጀምሮ ከዚህ ቡድን ጋር ተቈራኙ፤ በአጥቂነትም 23 ዓመት ያህል ለዚሁ ለአንድ ቡድን ተጫወቱ። ዛሬ ተጫዋች በየዓመቱ ማልያ በሚለውጥበት ዘመን ይህን ስንሰማ ተረት ይመስለናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ መግባቴ ነው።

ቡድኑ ከተመሠረተ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶች ያመጡት ሕግ የኢትዮጵያን ሰው ከኢጣልያዊ በመኖሪያው፥ በመዝናኛው፥ በትዳሩም ሳይቀር የሚለይ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። የዚህን ሕግ መልክ በዐይኑ ለማየት የሚሻ ሰው ጅማ ወርዶ መመልከት ይችላል። ኢጣልያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው ሲሠሩዋት ለራሳቸው አንድ ወገን፥ ለአገሬው ሰው ሌላ ወገን ከፍለው ነበርና፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም የዚያን ዘመን ትዝታ ይዞ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሕጉ ኳስ ሜዳንም አልማረም። ኢትዮጵያውያን ከኢጣልያኖች ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከለ፤ ለአገሬው ሰው ለብቻው የተለየ ውድድር ተቋቋመለት። ቅዱስ ጊዮርጊስም በስሙ መጠራቱ ቀርቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶች ዓርማ የሆነው በትር ስም ነው። አንባብያን ሆይ፥ እስኪ ነገሩን ልብ በሉት፤ በሰፈሩ ታቦት ስም የተመሠረተ የልጆች ቡድን በገዢው ዓርማ ስም ሲጠራ! ይህ ሁሉ የተደረገበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። ኳስ ዐሥራ አንድ ሰውን ከዐሥራ አንድ ሰው ጋር በእኩል ሜዳ፥ በአንድ ዳኛ ፊት የሚያቆም ጨዋታ ነው። ከነጭ የበታች ነው የተባለው ሰው በሕዝብ ፊት ሁለት ግብ አግብቶ ቢወጣ የዘረኛው ሕግ መሠረት ይናጋል። ስለዚህ የሚሻለው ከመጀመሪያው አለማጋጠም ነው።

አቶ ይድነቃቸው ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ድረስ የተጫወቱት በዚህ ሕግ ሥር ነው። ሰው በዚያ ዕድሜው ያየውን አይረሳም። እኔ የእኒህን ሰው ሕይወት ሳጠና የኋላ ሥራቸው ሁሉ ከዚህ አምስት ዓመት የመነጨ መስሎ ይታየኛል፤ አሳቤ ትክክል መሆኑን አለመሆኑን የሚከተለውን አንብባችሁ ፍረዱ።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፥ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተደረገ። ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የአርመኖች አራራት፥ የግሪኮች ኦሊምፒያኮስ፥ የኢጣልያኖች ፎርቲቱዶ፥ አምስተኛውም የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት አብረው እንዳይጫወቱ በሕግ ተከልክለው የነበሩት ኢትዮጵያዊና ኢጣልያዊ በአንድ የውድድር መዝገብ ላይ ስማቸው ተጽፎ መገኘቱ ከዋንጫው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናንተ ዕለት ዕለት ደብዳቤ የምትጽፉ፥ ደንብ የምታረቁና ፋይል የምታገላብጡ አንባብያን ደግሞ የሚከተለውን ከሌላው ሰው ይልቅ ትረዱታላችሁ። አቶ ይድነቃቸው ጨዋታ በሜዳ ላይ ከመጀመሩ በፊት በጠረጴዛ ላይ እንደሚጀመር ገና በወጣትነታቸው ዐወቁ። ማን ከማን ጋር ይጫወት፥ በምን ስም ይጠራ፥ በማን ሜዳ ይሰለፍ የሚለውን የሚወስነው የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ይህንንም የተማሩት ከጠላት ነው። ስለዚህ ኳስ ከመጫወታቸው ጋር ስፖርትን በማደራጀት ሥራ ገቡ። የጨዋታዎችን ሕግና ደንብ ወደ አማርኛ በመመለስ፥ ውድድሮችን በማቋቋም፥ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑንም በማቆም ከዋነኞቹ አንዱ ሆኑ። ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም. ገደማ በፊፋ አባልነት ስትመዘገብ፥ ከዚያም የኦሊምፒክ ኮሚቴዋ ታውቆላት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ስፖርተኞች ስትልክ፥ የዚያ ሁሉ ድካም ከእሳቸው እጅ ያልተለየ ነበር። ቀን በጽሕፈት ቤት፥ ማታ በሜዳ ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ለስፖርት ጊዜ የለኝም ሲል በምሰማበት ጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአራት አገሮች ሰዎች በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ተሰበሰቡ። አገሮቹ ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ ምድር አብዛኛው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረ በራሱ ስም ለመቀመጥ የሚችል አገር ጥቂት ነበር። የስብሰባው ፍሬ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መመሥረት ነበር፤ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ከስብሰባው ጋር ተያይዞ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር እንዲደረግ ታቅዶ፥ በዕጣው መሠረት ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመደበች።

ደቡብ አፍሪካ ግን የምትልከው ቡድን ወይ ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ እንዲሆን ፈለገች። ሁለቱን አቀላቅሎ ማሰለፍ የአገሩ መንግሥት የዘር ልዩነት ሕግ የማይፈቅደው ነበር። ሦስቱ አገሮች ይህን አንቀበልም አሉ። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ቀረች።

እስኪ በኢትዮጵያዊው ተወካይ ልብ ውስጥ ገብተን እንመልከት። ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የተነገረው ቃል ያው ራሱ ነው፤ ነጩ ለብቻው፥ ጥቁሩ ለብቻው። ያን ጊዜ ቃሉን የተናገረው ባለ ጠመንጃ ስለ ነበረ የሰማው ልጅ አንገቱን ደፍቶ በተመደበለት ሜዳ ተጫወተ። አሁን ግን ያ ልጅ አድጎ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጧል። ብዙ ሰው የ1949ኙን ውድድር ሲያስታውስ የሚያነሣው የፍጻሜውን ውጤት ነው። ደቡብ አፍሪካ በመቅረቷ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ የካቲት 9 ቀንም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ-ዲባ በሚል ቅጽል የታወቀው መሐመድ ዲያብ አል-አታር ነው። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በዚያ ሳምንት በጠረጴዛው ላይ ያገኘችው ድል በሜዳው ላይ ካጣችው አራት ግብ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን ለማገድ እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ ቈይቷል፤ ያገደውንም በ1955 መልሶ ፈቶታል። አፍሪካውያኑ ግን ነገሩን ከፊፋ በፊት ቈርጠው ጨርሰውት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በግንቦት 1951 ዓ.ም. ሁለተኛው ዋንጫ በካይሮ ሲደረግ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፤ በግብፅ 4 ለ 0፥ በሱዳን 1 ለ 0። እንግዲህ በሁለት ውድድር አንድ ግብ እንኳ አላገባንም ማለት ነው። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። በገዛ ቤት ተሸንፎ እንግዳን መሸኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀ ነው። ቡድኑን እንዲመሩ የተሰየሙት ከጥቂት ዓመታት በፊት ጫማቸውን የሰቀሉት አቶ ይድነቃቸው ሆኑ። ዕድሜያቸው አርባ ነበር።

ያሰለፏቸውን ሰዎች ስንመለከት ከአንድ ሰፈር የተለቀሙ አይደሉም። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም ከእሱ ጋር ተሰልፏል። መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። ግብ ጠባቂው ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም ነበር። በልጅነታቸው ከኢጣልያዊ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይቆሙ የተከለከሉት ሰው፥ የቡድናቸውን መሪነት የኢጣልያዊ ደም ባለው ልጅ ክንድ ላይ አስረው ገቡ። በዚህ ላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ከቱኒዚያ ጋር ገጠመች። ቱኒዚያዎች ፈጥነው ሁለት ግብ አገቡ። ያን ጊዜ በስታዲየሙ የነበረ ሰው የካርቱምና የካይሮ ነገር ትዝ ሳይለው አይቀርም። ነገር ግን ሉቺያኖ አንዱን መለሰ፤ ግርማ ተክሌ አስተካከለ፤ መንግሥቱ ሁለት ጨመረ፤ ጨዋታው በ4 ለ 2 ተፈጸመ። በሌላው ወገን ግብፅ፥ በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፥ ገና ነፃነቷን ያልተቀበለችውን ዑጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ሁለቱንም የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ መሆኗን አትርሱ።

በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል የጥምቀት በዓል ዋለ። ዓርብ ጥምቀት፥ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ፥ እሑድ ጥር 13 የዋንጫው ፍጻሜ። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው የአዲስ አበባ ሰው በሦስተኛው ቀን ወደ ስታዲየም ጎረፈ ማለት ነው።

በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የተባለው ግብፃዊ የመጀመሪያውን ግብ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ በዚሁ ቈየ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ አስተካከለ፤ ሕዝቡ ገና ጩኸቱን ሳይጨርስ በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አስቈጠረ። ከዚህ የከፋ ጊዜ ለአንድ ቡድን የለም። ተስፋ አግኝቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መነጠቅ ከመጀመሪያው ተስፋ ካለማግኘት ይልቅ ጉልበት ይሰብራል። ኳስ የተጫወታችሁ ሰዎች ይህን ታውቃላችሁ። ግን በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ሁለት ለሁለት አደረገው፤ መደበኛው ሰዓትም በዚያው አለቀ።

ተጨማሪው ሰላሳ ደቂቃ ሲጀመር አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗ የሚረሳ አይደለም፤ ከዓባይ ወንዝ ዳር ለመጣ ሰው ይህ አየር የሚያደክም ነው። ይህን የምለው የልጆቻችንን ድል ለማሳነስ አይደለም፤ ያው ከፍታ የነበረው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ነውና። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፥ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ አገቡ። 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ቫሳሎ በእጃቸው ሰጡ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው እስከ ዛሬ ድረስ ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ይድነቃቸው በዚህ ክብር ላይ ቢቆሙ ማንም የሚነቅፋቸው አልነበረም። ነገር ግን ወዲያው ሌላ ነገር መጣ። በ1956 ዓ.ም. ፊፋ በ1958 በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ቦታ ሲደለድል ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፥ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት የመደበው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ የሆነው አገር ወደ ዓለም ዋንጫ ለመግባት ከሌላው ክፍለ ዓለም አሸናፊ ጋር ደግሞ መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ተቃወሙ፤ ተቃውሞው ባልተሰማ ጊዜም በ1957 ዓ.ም. ለማጣሪያው የተመዘገቡት ዐሥራ አምስት የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ስማቸውን ሰረዙ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች።

ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። አንድ የኳስ ትውልድ በሙሉ ለዓለም ዋንጫ ሳይቀርብ ቀረ። ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት መንግሥቱና ሉቺያኖ በዚያ ማጣሪያ የመሞከር መብታቸው በራሳቸው አሠልጣኝ ፊርማ ተሰርዟል ማለት ነው። እኔ አንዳንድ ጊዜ ይህን ሳስብ ለተጫዋቾቹ አዝናለሁ፤ ሰው የጉልበቱ ዘመን አጭር ነውና። ቢሆንም ውጤቱ አልዘገየም። ፊፋ ለሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ሰጠ፤ በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1970 ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ድል አስመዘገበች። በ1974 የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ወደ እስፓኝ ተጓዙ። ከዐሥራ አምስቱ አገሮች ስረዛ በፊት ይህ ሁሉ አልነበረም።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ፊፋ በቶኪዮ ባደረገው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን እንደ ገና አገደ። በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በዚህ ሥልጣን ላይ ሳሉም በ1968 ዓ.ም. ፊፋ በሞንትሪያል ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ ከአባልነት አስወጣ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በኢትዮጵያ ዙፋን ወድቆ ደርግ ሲተካ፥ ብዙ ሹም ከወንበሩ ሲነሣ፥ የእሳቸው ወንበር ግን በአፍሪካውያን ድምፅ የጸና ስለ ነበረ ባለበት ቈየ።

ሰው ሲመሰገን ጉድለቱም መነገር አለበትና ስለ አንድ ደንብ ልናገር። አቶ ይድነቃቸው አፍሪካዊ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መሄዱን አይወዱትም ነበር። ለብዙ ዓመታት የጸናው ደንብ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከውጭ አገር ሊያመጣ የሚችለውን ተጫዋች ከሁለት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ዐላማው ይገባኛል። ቡናችንን ጥሬውን ሸጠን ተቈልቶ ሲመለስ በዕጥፍ እንደምንገዛው ሁሉ፥ ልጆቻችንንም እንዲሁ እንዳናደርግ ፈርተው ነው። የጅማ ገበያን የሚያውቅ ሰው ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ይረዳል። ነገር ግን ሰው ቡና አይደለም። የራሱን ዕድል ፍለጋ የሄደውን ልጅ ከአገሩ ማልያ መለየት ፍርዱ ከበድ ይላል። ደንቡም በ1974 ዓ.ም. ተነሣ፤ ዛሬ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከሚሰለፉት ከዋክብት አብዛኞቹ በአውሮፓ የሚጫወቱ ናቸው። እሳቸው የፈሩትም አልቀረ፤ ያስቈሙትም አልቆመ።

ሁለተኛውን ጉድለት ጉድለት ልበለው ወይስ ዕድል አላውቅም። የአፍሪካን ቤት ሲሠሩ የራሳቸው ቤት ጣራ አፈሰሰ። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ በመጣ ጊዜ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በተደረገው ውድድር ግን ዑጋንዳን አሸንፋ፥ በጊኒ ተሸንፋ፥ ከግብፅ ጋር እኩል ወጥታ ከመጀመሪያው ምድብ ቀረች። የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ዋንጫ ባስወሰዱበት ስታዲየም ተቀምጠው የአገራቸውን መቅረት ተመለከቱ። ፕሬዚዳንት ናቸውና ለማንም ሊያጨበጭቡ አይችሉም። ከ1974 ዓ.ም. በኋላማ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀባት።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ ሳሉ ዐረፉ። በዕንቍጣጣሽ የተወለዱት ሰው በቡሄ ዕለት ሄዱ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁሩን በአንድ ማልያ አሰልፋ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ አገሯ አስተናግዳ ወሰደች። በካርቱም የቀረችበት ውድድር ነው። ይህን ሳያዩ ቀሩ።

ወደ ጅማ ልመለስና ላብቃ። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበቤው ዘንድ ብዙም ያልታሰበ አንድ ቡድን፥ በዚያው ዓመት ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው ጅማ አባ ጅፋር፥ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ወሰደ። ቡድኑ የሚጠራው አቶ ይድነቃቸው በተወለዱ ጊዜ ጅማን ይገዙ በነበሩት ንጉሥ ስም ነው። በመጨረሻው ቀን ከእሱ ጋር እኩል ነጥብ ይዞ በግብ ክፍያ ተበልጦ የቀረው ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። በዚያ ዕለት ከጅማ የመጣ አንድ ወዳጄ እየሣቀ «አሁን አቶ ይድነቃቸው ቢኖሩ ለማን ይደግፉ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አስቤ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም፤ እናንተ የምታውቁ ከሆነ ጻፉልኝ።